የመኪና ወንበር ቆዳ "ምግብ" ይበላል ወይ?

የዛሬው ጉዳያችን የቆዳ ወንበር ነው፤ በተለይ የመኪና። የመኪና ዕቃ መሸጫ ገብታችሁ ለቆዳ ወንበር የሚሆን ቅባት ብትጠይቁ፣ የሚሰጧችሁ ጠርሙስ ላይ "ቆዳውን ይመግባል" የሚል ዓይነት ጽሑፍ ብታገኙ አይግረማችሁ። ግን እኮ ቆዳው ከሞተ ከብት የመጣ ነው። የሞተ ነገር ደግሞ እንዴት ይመገባል?

ነገሩ ቀልድ ቢመስልም ከጀርባው ረጅም ታሪክ አለ። "ቆዳን ቅባት አብሉት" የሚለው ምክር ሲጀመር ትክክለኛ ምክር ነበር። ችግሩ ምንድን ነው? ቆዳው ተቀየረ፣ ምክሩ ግን ሳይቀየር ቀረ። እንዴት እንደሆነ አብረን እንየው። (ዓመታቱ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

"ለፋ" የምትለው ቃል

በአማርኛ ሰው "ለፋ" ሲባል ደከመ፣ ብዙ ሠራ ማለት ነው። ቆዳም ይለፋል። ለምን አንድ ቃል እንደሚጋሩ ለመረዳት አንድ ቁራጭ ጥሬ ቁርበት አስቡ። እርጥብ አድርጋችሁ ብትተዉት ይበሰብሳል፤ ብታደርቁት ደግሞ እንደ ጣውላ ድርቅ ይላል።

ምክንያቱ የተሠራበት ነገር ነው። ቁርበት በአብዛኛው ኮላጅን ከሚባል ፕሮቲን የተሠራ የተጠላለፈ ክር ነው። በክሮቹ መካከል ያለው ውኃ ሲተን ክሮቹ እርስ በርሳቸው ይጣበቃሉ፤ ቁርበቱም ይደርቃል። ውኃው ካልወጣ ደግሞ ባክቴሪያዎች ኮላጅኑን ይበሉታል። ማልፋት ማለት እንግዲህ ለሁለቱም ችግሮች መፍትሔ መስጠት ነው።

የጥንቱ መፍትሔ ሁለት ደረጃ ነበረው። መጀመሪያ ቁርበቱ ከዛፍ ልጣጭ ወይም ከቅጠል በሚገኝ ታኒን ይነከራል። ሻይ በጣም ሲጠነክር አፋችሁን ጭምድድ የሚያደርገው ነገር ከዚሁ ቤተሰብ ነው። ታኒን ከኮላጅኑ ጋር ተያይዞ ከመበስበስ ይጠብቀዋል። በአውሮፓ ወፍራም ቆዳ በኦክ ዛፍ ልጣጭ ጉድጓድ ውስጥ ወራት፣ አንዳንዴም ከዓመት በላይ ይቆይ ነበር። ቀጥሎ ቅባት ይገባበታል። ቅባቱ በክሮቹ መካከል ሆኖ እርስ በርስ እንዲንሸራተቱ ያደርጋል፤ ልክ ዘይት በሞተር ውስጥ እንደሚሠራው። በአገራችንም ስልቻ ወይም ጀንዲ ሲለፋ ቅቤ ወይም ከቅባት እህል የተገኘ ዘይት የሚቀባው ለዚሁ ነው።

ሹፌሩ ቆዳ ላይ፣ ጌታው ጨርቅ ላይ

አሁን ወደ ወንበራችን እንምጣ። ዛሬ "የቆዳ ወንበር ያለው መኪና" ሲባል ውድ መኪና ነው የሚታየን አይደል? ድሮ እንዲህ አልነበረም።

የመጀመሪያዎቹን የመኪና አካላት የሠሩት በአብዛኛው የፈረስ ጋሪ ሲሠሩ የኖሩ ባለሙያዎች ናቸው። በጋሪው ላይ ነጂው ውጭ፣ ዝናብና ፀሐይ ላይ ይቀመጣል። ባለቤቱ ደግሞ ውስጥ፣ በተዘጋው ክፍል። ስለዚህ ለነጂው ዝናብ የሚችል ቆዳ፣ ለባለቤቱ ለስላሳ የሱፍ ጨርቅ ይለበጥ ነበር። ይኸው ልማድ ወደ መኪናም ተሻገረ፤ በ1920ዎቹ በተሠሩ ሊሞዚኖች ሹፌሩ ቆዳ ላይ፣ ጌታው ጨርቅ ላይ ተቀምጠው ታያላችሁ። የቶዮታ ሴንቸሪ የተባለው የጃፓን ባለሥልጣናት መኪና እስከ ቅርብ ጊዜ ድረስ በሱፍ ወንበሩ መታወቁ የዚህ ወግ ርዝራዥ ነው።

ስለዚህ ቆዳ በዚያን ጊዜ የሥራ ዕቃ ነበር። ኮርቻው በፈረስ ላብ ይርሳል፣ የጋሪው ወንበር በዝናብ ይታጠባል። በውኃ በተመላለሰ ቁጥር ውስጡ ያለው ቅባት እየለቀቀ ይሄዳል፤ ቆዳውም ይደርቅና ይሰነጠቃል። መፍትሔው ግልጽ ነው፤ የወጣውን መተካት። ከከብት እግር አጥንት ተቀቅሎ የሚወጣ ዘይት፣ ሞራ፣ የዓሣ ዘይት፣ የንብ ሰም ሁሉ ለዚህ ዋለ። ይህ ቆዳ ላዩ ክፍት ስለነበር የተቀባውን በእርግጥም ይጠጣ ነበር። "ምግብ" የሚለው አነጋገር የመጣው ከዚህ ዘመን ነው። በ1878 ለንደን ውስጥ የተቋቋመውና ለሮልስ ሮይስ የወንበር ቆዳ በማቅረብ የታወቀው ኮኖሊ የተባለ ድርጅትም "የቆዳ ምግብ" የሚል ስም ያለው ቅባት ይሸጥ ነበር።

ቆዳው ተቀየረ

በ1884 አውጉስጦስ ሹልትስ የተባለ ኬሚስት አሜሪካ ውስጥ ቆዳን በክሮሚየም ጨው የማልፋት ዘዴ በፓተንት አስመዘገበ። በ1893 ደግሞ ማርቲን ዴኒስ ዘዴውን አቅልሎ በአንድ ንክር የሚያልቅ አደረገው። ወራት ይፈጅ የነበረው ሥራ ወደ አንድ ቀን ገደማ ወረደ!

ለውጡ የፍጥነት ብቻ አልነበረም። ጥሬ ቁርበት ውኃ ውስጥ ሆኖ ሲሞቅ 60 ዲግሪ ሴልሺየስ አካባቢ ጭምትር ይላል። በዕፅዋት የለፋው ከ70 እስከ 85 ድረስ ይችላል። በክሮም በደንብ የለፋው ግን የፈላ ውኃ እንኳ አያጨማትረውም። ቅባቱም ቢሆን አገባቡ ተቀየረ። ዘይቱ ከውኃ ጋር ተዋሕዶ ትልቅ የሚሽከረከር በርሜል ውስጥ ከቆዳው ጋር ይገላበጣል፤ በዚህ መንገድ እያንዳንዱ ክር ድረስ ይገባል። ቆዳው ከፋብሪካ ሲወጣ ስንቁን ይዞ ነው የሚወጣው ማለት ነው።

ሦስተኛው ለውጥ ግን ለእኛ ጥያቄ ዋነኛው ነው፤ ቀለሙ። የመኪና ወንበር ቆዳ ላዩ ላይ ቀለምና መከላከያ ሽፋን ይረጭበታል። በፊት ናይትሮሴሉሎስ የተባለ ላከር ነበር፤ ዛሬ አብዛኛውን ጊዜ ፖሊዩሬቴን ነው። ሽፋኑ በጣም ቀጭን ነው። በአውሮፓ ደረጃ መሠረት ከ0.15 ሚሊ ሜትር ከበለጠ ዕቃው እንዲሁ "ቆዳ" ተብሎ ሊሸጥ አይችልም። ቢሆንም ከላይ እስከ ታች የሸፈነ ፕላስቲክ ነው።

አስተዋላችሁ? አብዛኛውን ዘመናዊ የቆዳ ወንበር ስትዳስሱ እጃችሁ የሚነካው ፕላስቲክ ነው። የተቀባው ዘይት ወደ ክሮቹ የሚደርስበት መንገድ የለውም። ላዩ ላይ ተንሳፍፎ ይቀርና አቧራ ይሰበስባል።

መጻሕፍቱ የመሰከሩት

"እሺ፣ ሽፋን የሌለው ቆዳስ? እሱን ቅባት አያድነውም?" ትሉ ይሆናል። ጥሩ ጥያቄ ነው። መልሱን ያገኘነው ከመኪና ሳይሆን ከቤተ መጻሕፍት ነው።

ማይክል ፋራዴይን በኤሌክትሪክ ታውቁታላችሁ። በ1843 ይህ ሰው ለንደን በሚገኘው አቴኒየም ክለብ ውስጥ የወንበሮችና የመጻሕፍት ቆዳ ለምን እየፈረሰ እንደሆነ አጥንቶ ነበር። ተጠያቂው ምን ሆኖ አገኘው? መብራቱን! ክለቡ የሚበራው ከድንጋይ ከሰል በሚወጣ ጋዝ ነበር። ጋዙ ውስጥ ያለው ድኝ ሲቃጠል የሚፈጠረው ጭስ በመጨረሻ ሰልፈሪክ አሲድ ይሆናል። አሲዱ የቆዳውን ክሮች ይቆራርጣል፤ ቆዳውም ወደ ቀይ ዱቄት ይለወጣል። በ1900 የእንግሊዝ የሥነ ጥበባት ማኅበር ያቋቋመው ኮሚቴ ደግሞ ጉዳቱ በታኒኑ ዓይነትም እንደሚወሰን አሳየ። ሱማክ በተባለ ተክል የለፋው ቆዳ በደንብ ሲቋቋም ሌላው ቶሎ ፈረሰ።

ታዲያ ቤተ መጻሕፍት ምን አደረጉ? ቅባት ቀቡ። በተለይ በብሪቲሽ ሙዚየም ስም የሚታወቀው፣ ከበግ ጠጉር ቅባት፣ ከንብ ሰምና ከሴዳር ዛፍ ዘይት የተቀመመው ውሕድ በመላው ዓለም ለአሥርተ ዓመታት በመጻሕፍት ጀርባ ላይ ተቀባ። ኋላ ላይ የቅርስ ጥበቃ ባለሙያዎች ውጤቱን ሲመረምሩ ቅባቱ አሲዱን እንደማያቆመው ተረዱ። ይባስ ብሎ አንዳንዱ ቆዳ ጠቆረ፤ አንዳንዱ ተጣበቀ፤ ሌላው ላይ የቅባቱ ስብ እንደ ነጭ ሻጋታ ብቅ አለ። ዛሬ ብዙዎቹ መጻሕፍትን ቅባት መቀባት ትተዋል። ይልቅስ አየሩን፣ ብርሃኑንና እርጥበቱን ይቆጣጠራሉ።

እኔ በምህንድስና ትምህርቴ ደጋግሜ የሰማሁት ነገር አለ፤ ከመጠገንህ በፊት ምን እንደሰበረው እወቅ። ቅባት የሚያድነው ቅባት ያጣውን ቆዳ ነው። በአሲድ የተበላውን አይመልሰውም።

እንግዲህ ወንበሩን ምን ይሰብረዋል?

ሽፋን ያለውን የመኪና ወንበር የሚጎዱት ሦስት ነገሮች ናቸው። አንደኛ ሰበቃ፤ መጀመሪያ የሚያረጀው ሹፌሩ ሲወጣና ሲገባ የሚታከከው የወንበሩ ጠርዝ መሆኑን ልብ በሉ። ሁለተኛ ከሰውነታችን የሚወጣው ላብና ቅባት፤ ከአቧራ ጋር ተለውሶ ሽፋኑን ያለሰልሰዋል፣ እንደ ብርጭቆ ወረቀትም ይፈገፍገዋል። ሦስተኛ ፀሐይ። ከባሕር ወለል በላይ በየ1,000 ሜትሩ የአልትራቫዮሌት ጨረር 10 በመቶ ገደማ ይጨምራል። አዲስ አበባ ከ2,300 ሜትር በላይ ላይ ናት፤ ስሌቱን ለእናንተ ትቼዋለሁ።

ከዚህ የሚከተለው እንክብካቤ ቀላል ነው።

መጀመሪያ ወንበሩ ሽፋን እንዳለው እወቁ። በማይታይ ቦታ አንድ ጠብታ ውኃ ጣል አድርጉ። ጠብታው ተንከባሎ ከቆመ ሽፋን አለው። ሰርጎ ከገባና ካጠቆረው የለውም፤ እሱ ጥንቃቄና ለእሱ የተዘጋጀ መጽጃ ይፈልጋል።

ከዚያ አቧራውን ጥረጉ ወይም በቫክዩም ምጠጡ። አሸዋ ላዩ ላይ እያለ ማሸት ራሱ ጉዳት ነው። ቀጥሎ ለቆዳ የተሠራ ለዘብተኛ መጽጃ በለስላሳ ጨርቅ ላይ አድርጋችሁ በቀስታ አሹት፤ ስፌቱ አካባቢ ለስላሳ ብሩሽ ይረዳል። የልብስ ዱቄት ሳሙና አይሆንም። ቆዳ በባሕርይው ትንሽ አሲድነት ሲኖረው ሳሙና ግን አልካላይ ነው። ቤንዚንና አልኮልማ ሽፋኑን ራሱን ያነሱታል። ውኃም አታብዙ፤ በስፌት በኩል ወደ ስፖንጁ ይገባል። በመጨረሻ በእርጥብ ጨርቅ ወልውላችሁ ጥላ ውስጥ አድርቁት።

ላቫጆ ቤት የሚረጨው አብረቅራቂ ነገርስ? ብርሃን ይጨምር እንጂ ወንበሩን ያንሸራትተዋል፣ አቧራም ይጠራል። ዛሬ "ኮንዲሽነር" ተብለው ከሚሸጡት መካከል ጥሩዎቹ ግን ሌላ ሥራ አላቸው፤ ላዩ ላይ ስስ ንብርብር ሆነው ሰበቃን ይቀንሳሉ። ይህ ምግብ አይባልም፤ ጃኬት ብትሉት ይቀርባል። መኪናችሁን ጥላ ውስጥ ማቆም ደግሞ በነፃ የሚገኝ ጃኬት ነው።

በሚቀጥለው ጊዜ አባታችሁ ወይም አጎታችሁ የቆዳ ቅባት ሊገዙ ሲሉ ከሰማችሁ፣ መጀመሪያ አንድ ጠብታ ውኃ ጣል ያድርጉና ይመልከቱ በሏቸው። ጠብታው ወንበሩ ላይ እንደ ዶቃ ከቆመ ገንዘባቸው ኪሳቸው ውስጥ ይቆያል። መልካም ሙከራ!