ዳገት የፈተነው ሞተር

የጣሊያኑ ማርሻል ባዶሊዮ ጦር ከደሴ ተነስቶ አዲስ አበባ የገባው ሚያዝያ 27 ቀን 1928 ዓ.ም. ነበር። ከ1,700 በላይ መኪኖች አሰልፏል። ጣርማ በር ሲደርስ የኢትዮጵያ ተዋጊዎች መንገዱን ቆርጠው ስለጠበቁት ሰልፉ በሙሉ ተገትሮ ቆመ፤ የተናደው እስኪጠገን ድረስም መሻገር አልቻለም። እዚያ ገደል አፋፍ ላይ ከተደረደሩት መኪኖች ውስጥ የጣሊያኖቹ ፊያትና ላንቺያ፣ የአሜሪካኖቹ ፎርድና ሼቭሮሌት ይገኙበታል። የአሜሪካኖቹ ቤንዚን ጠጪዎች ነበሩ። ከጣሊያኖቹ ከፊሎቹ ግን ገና ብዙ ዓለም ያላያቸው የናፍጣ ሞተሮች ተገጥመውላቸዋል። ከባሕር ወለል ከ3,000 ሜትር በላይ በሚገኝ መተላለፊያ ሁለቱ የሞተር ዓይነቶች ጎን ለጎን መፈተናቸው ነው።

በጊዜው ናፍጣ ለጭነት መኪና አዲስ ነገር ነበር። (ከዚህ በኋላ የሚጠቀሱት ዓመታት እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) የናፍጣ ሞተር ፈልሳፊው ሩዶልፍ ዲዝል በ1897 አውግስቡርግ ላይ ያስነሳው ሞተር ነዳጁን ወደ ሲሊንደር የሚረጨው በታመቀ አየር ነው። አየሩን የሚያምቀው መሣሪያ ከባድና ግዙፍ ስለነበር ሞተሩ ለፋብሪካና ለመርከብ እንጂ ለመኪና አልተመቸም። መላው የተገኘው ቀስ በቀስ ነው። ፕሮስፐር ሎራንዥ የተባለው የቤንዝ መሐንዲስ በ1909 ነዳጁ መቃጠል የሚጀምርበትን ትንሽ ቅድመ ክፍል ፈለሰፈ። ቤንዝ በ1923 ባለ 4 ሲሊንደርና 50 የፈረስ ጉልበት ያለው ሞተር 5 ቶን በሚጭን መኪና ላይ ገጥሞ ሞከረ። ማን የተባለው ፋብሪካ ደግሞ በ1924 ነዳጁን በቀጥታ ሲሊንደሩ ውስጥ የሚረጭ የጭነት መኪና ይዞ ብቅ አለ። ቦሽ የተባለው ኩባንያ በ1927 ነዳጁን የሚረጨውን የናፍጣ ፓምፕ በብዛት ማምረት ሲጀምር በሩ ለሁሉም ተከፈተ።

ጣሊያኖች በዚህ በር በፍጥነት ገቡ። ፊያት በ1931 ያወጣው 634ኤን ባለ 6 ሲሊንደር የናፍጣ ሞተሩ 8.3 ሊትር ሲሆን ጉልበቱ 75 ፈረስ ነበር። በሰዓት ከ37 ኪሎ ሜትር አይበልጥም፤ በግዝፈቱም «ዝሆን» የሚል ስም ወጣለት። ሌሎች የጣሊያን ፋብሪካዎች ግን የራሳቸውን ሞተር ከመንደፍ ይልቅ የውጭ ፈቃድ ገዙ። ኦኤም ከስዊዘርላንዱ ሳውረር፣ አልፋ ሮሜዮ ከጀርመኑ ዶይትስ፣ ላንቺያ ደግሞ ከዩንከርስ።

የላንቺያው ከሁሉም የተለየ ነው። «ሮ» በሚባለው መኪና ላይ የተገጠመው ሞተር 2 ሲሊንደር ብቻ ነበረው፤ 3.2 ሊትር ገደማ፣ 64 የፈረስ ጉልበት። በእያንዳንዱ ሲሊንደር ውስጥ ሁለት ፒስተኖች ፊት ለፊት እየተያዩ ይሠራሉ፤ ናፍጣው የሚቃጠለው በመካከላቸው ነው። እንደ ሌሎቹ ሞተሮች ቴስታታ (የሲሊንደር ክዳን) የለውም፤ ቫልቭም የለውም። አንዱ ፒስተን ሲንሸራተት በሲሊንደሩ ግድግዳ ላይ ያለውን የአየር መግቢያ ይከፍታል፣ ሌላው የጭሱን መውጫ።

ይኸው ላንቺያ ሮ ለጦር ሠራዊቱ በሁለት ዓይነት ሞተር ይቀርብ ነበር። «ኤንኤም» የሚል ምልክት ያለው ወታደራዊ ናፍጣ፣ «ቢኤም» የሚለው ወታደራዊ ቤንዚን ነው። ናፍጣው በትንሽ ነዳጅ ረጅም መንገድ ይሄዳል፤ ነዳጁም እንደ ቤንዚን በቀላሉ አይቀጣጠልም። ቤንዚኑ በበኩሉ ቀለል ያለና በቀላሉ የሚነሳ ነው። ላንቺያ በ1938 ባወጣው «3ሮ» የዩንከርስን ንድፍ ትቶ ባለ 5 ሲሊንደር፣ 6.9 ሊትር ገደማ፣ 93 የፈረስ ጉልበት ያለው የናፍጣ ሞተር ገጠመ።

እነዚህ የጉልበት ቁጥሮች ግን የተለኩት ቆላ ላይ ነው። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል 2,400 ሜትር ገደማ ከፍ ስለምትል የአየሩ ግፊት በባሕር ዳርቻ ካለው በሩብ ያህል ያንሳል። ሞተር ደግሞ የሚያቃጥለው የሚያገኘውን አየር ያህል ነው። በድሮዎቹ መኪኖች ላይ የናፍጣው ፓምፕ ይህን አያውቅም፤ ቆላ ላይ የሚረጨውን ያህል ደጋም ላይ ይረጫል። ትርፉ ነዳጅ ሳይቃጠል ጥቀርሻ ሆኖ በማርሚታው ይወጣል። ዳገት ላይ ጥቁር ጭስ የሚያትጎለጉል የድሮ የጭነት መኪና ሁሉ ሞተሩ ያረጀ ይመስላል፤ አየር ያነሰው ጤነኛ ሞተርም እንዲሁ ያጨሳል። ሜካኒኩ የፓምፑን መጠን ቀነስ ሲያደርገው ጭሱ ይቀላል፤ የቀረው ጉልበት ግን አይመለስም።

መፍትሔው የተገኘው እዚያው ጭሱ ውስጥ ነው። ስዊዘርላንዳዊው አልፍሬድ ቡኪ ገና በ1905 በሚባክነው የጭስ ኃይል ተርባይን አሽከርክሮ አየርን ወደ ሞተር መግፋት እንደሚቻል በፓተንት አስመዘገበ። ሳውረር በ1938 ይህን «ተርቦ» የሚባል መሣሪያ ለጭነት መኪና አዋለው። ቮልቮ በ1954 ተርቦ የገጠመለት ቲታን የተባለው የጭነት መኪና ያው 9.6 ሊትር ሞተሩ ሳይጨምር ጉልበቱ ከ150 ወደ 185 ፈረስ አደገ። ቆላ ላይ ይህ ተጨማሪ ፍጥነት ነው። ደጋ ላይ ግን አየሩ የነሳውን ማስመለስ ነው።

ዳገቱን የወጣ መኪና ቁልቁለቱ ይጠብቀዋል። የቤንዚን ሞተር ነዳጅ መስጫው ሲለቀቅ የአየር መግቢያው ስለሚዘጋ መኪናውን ይይዛል። የናፍጣ ሞተር አየሩን በነፃ ስለሚስብ ያን ያህል አይዝም፤ አብዛኛው ሸክም በጎማ ፍሬን ላይ ይወድቃል። በ1931 አሜሪካዊው የሞተር ሠሪ ክሌሲ ካሚንስ በናፍጣ የጭነት መኪና አሜሪካን ሲያቋርጥ ካሊፎርኒያ ውስጥ ካሆን የተባለው ማለፊያ ቁልቁለት ላይ ፍሬኑ አልያዝ ብሎት ለጥቂት ከሞት ተረፈ። ይህን ሳይረሳ ቆይቶ የነደፈው፣ ቫልቮቹን በመጠቀም ሞተሩን ራሱን ፍሬን የሚያደርግ መሣሪያ በ1961 ለገበያ ቀረበ። በአውሮፓ ተራሮች የተለመደው ግን ቀለል ያለው ነበር፦ ጭስ ማውጫው ውስጥ የሚዘጋ ክዳን። ሾፌሩ ሲዘጋው ጭሱ ወደ ኋላ እየገፋ ፒስተኖቹን ያከብዳቸዋል፤ መኪናውም የጎማ ፍሬኑ ሳይግል ይወርዳል። ለጣርማ በርና ለሊማሊሞ ዓይነት መንገድ ይህ እጅግ የሚጠቅም ዕቃ ነው።

ከጣሊያን ወረራ በኋላ የኢትዮጵያን ዕቃ ከአሰብ ወደ ደጋ በማጓጓዝ ስሙ የገነነው ፊያት 682 ነው። በ1952 የወጣው ይህ መኪና ባለ 6 ሲሊንደር፣ ከ10 ሊትር በላይ የሆነ፣ ተርቦ የሌለው የናፍጣ ሞተር ነበረው። ጣሊያኖች «የአፍሪካ ንጉሥ» ይሉታል፤ እኛ አገር ኤን3 የተባለው ሞዴል «ኤንትሬ» ተብሎ ቀረ። በ1970 የተቋቋመው አምቼም የፊያትን የጭነት መኪኖች ይገጣጥም ነበር። ኤንትሬ ከነተሳቢው ዳገት ላይ ቀርፋፋ ነው፤ ያጨሳል። ነገር ግን ትልቅ ሞተር ሳይጨነቅ ይሠራል፤ ሲበላሽም መንገድ ዳር ተፈታቶ የሚጠገን ቀላል ብረት ነው። ተርቦ ያለው ሞተር ንጹሕ ዘይትና የተማረ ባለሙያ በሚሻበት ዘመን ይህ ትልቅ ብልጫ ነበር።

ዛሬ የቀሩት ኤንትሬዎች ጥቂት ናቸው፤ ብዙዎቹም መጨረሻቸው ለብረት አቅላጭ መሸጥ ነው። በእጃቸው ያለ ባለንብረቶች፣ የድሮ ሾፌሮችና የገራዥ ባለሙያዎች ቢያንስ አንዱን ከፋብሪካ ከወጣበት ሞተር፣ ፓምፕና ማርሚታ ጋር ለሙዚየም ሊያቆዩት ይገባል። ሞተሩ ተቀይሮ ካቢናው ብቻ የቀረ መኪና ይህን ታሪክ ለልጆቻችን ሊያሳይ አይችልም።