ከግብር መዝገብ እስከ ተጠቃሚ ዝርዝር፦ የጋይንት፣ የስማዳና የእስቴ ገበሬ ከመንግሥት ጋር ያለው ሒሳብ

ከጉና ተራራ እስከ በሽሎና ዓባይ ሸለቆዎች የሚወርዱት ጋይንት፣ ስማዳና እስቴ ለረጅም ዘመን መንግሥትን የሚያውቁት ሰጪ ሳይሆን ተቀባይ ሆኖ ነው። በርስትና በጉልት ሥርዓት ገበሬው አሥራትና ግብር ይከፍላል፤ የሚከፍለውን የሚገምቱት ግን ጉልተኛውና ጭቃ ሹሙ ናቸው። በ1960 ዓ.ም. ከዓባይ ማዶ የጎጃም ገበሬ በእርሻ ገቢ ግብር ላይ ሲያምፅ፣ ካስቆጡት ነገሮች አንዱ ገማቾቹን አለማመኑ ነበር።

የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የወጣው የገጠር መሬት አዋጅ ጉልተኛውን አስወገደ፣ የገበሬ ማኅበርንም ተከለ። የሀብቱ አቅጣጫ ግን ብዙም አልዞረም፤ መንግሥት እህሉን በኮታ፣ ከገበያ በታች በሆነ ዋጋ ይገዛ ነበር። ከመንግሥት ወደ ገበሬው የሚመጣው በ1966 ዓ.ም. በተቋቋመው የእርዳታ ማስተባበሪያ ኮሚሽን በኩል ነበር፤ እሱም እንደ 1977ቱ ረሃብ ያለ ክፉ ቀን ሲደርስ። ከደርግ በኋላም ምግብ ለሥራ ቢስፋፋም፣ እርዳታው በየዓመቱ «አስቸኳይ» እየተባለ መጣ። በአንጻሩ የማዳበሪያ ድጎማ በ1989 ዓ.ም. ተነሣ። እስከዚህ ድረስ ታሪኩ ባጭሩ፦ መቀበሉ ቋሚ፣ መስጠቱ ድንገተኛ።

ዋናው መታጠፊያ 1997 ዓ.ም. ነው። በዚያ ዓመት የጀመረው የልማታዊ ሴፍቲኔት ፕሮግራም የምግብ እጥረት በሰነበተባቸው ወረዳዎች፣ ከእነዚህም በጋይንትና በስማዳ፣ ድጋፉን በየዓመቱ የሚጠበቅ አደረገው። ጉልበት ያለው እርከን ሠርቶ፣ መንገድ ጠርጎ ይከፈለዋል፤ አቅም የሌለው አረጋዊ ወይም ሕመምተኛ ቀጥታ ድጋፍ ያገኛል። የመነሻው የቀን ክፍያ 6 ብር ወይም 3 ኪሎ እህል ነበር።

ይበልጥ አዲሱ ነገር ግን ግልጽነቱ ነው። በመመሪያው መሠረት ምልመላውን የሚያካሂደው የቀበሌው ሰው ራሱ ነው። ስሞቹ በስብሰባ ይነበባሉ፣ ዝርዝሩ ይለጠፋል፣ ተጠቃሚው መብቱ የተጻፈበት ካርድ ይይዛል፣ ቅር ያለው ለአቤቱታ ሰሚ ኮሚቴ ያመለክታል። ሥዕሉ ቀላል ነው፤ ቀበሌ ጽሕፈት ቤት ግድግዳ ላይ ስምና የቤተሰብ ቁጥር የተጻፈበት ወረቀት፣ ከፊቱ ደግሞ «የእኔ ስድስት ነው፣ ለምን አራት ተባለ?» የሚል ገበሬ። ጭቃ ሹሙ ፊት እንዲህ ብሎ መጠየቅ ምን ያህል ይከብድ እንደነበር ለሚያውቅ ለውጡ ትንሽ አይደለም። በእርግጥ ኮሚቴው ጎረቤትና ዘመድ ነው፤ ይሉኝታውም ቂሙም እዚያው አለ። ድህነትን በግድግዳ ማስነበብም ለአንዳንዱ ውርደት ነው።

ሁለተኛው መታጠፊያ የማዳበሪያ ድጎማ መመለስ ነው። የዓለም ዋጋ ሲንር መንግሥት በ2014 ዓ.ም. 15 ቢሊዮን ብር ደጎመ። ይህ ገንዘብ ግን ተራ በሚጠብቀው የእስቴ ስንዴ አምራች እጅ አይገባም፤ በዩሪያው ዋጋ ውስጥ ተሸሽጎ ይመጣል። እንደ ሴፍቲኔቱ ዝርዝር ግድግዳ ላይ የሚነበብ ነገር የለውም። በ2015 ዓ.ም. ማዳበሪያ ሲዘገይ የአማራ ክልል ገበሬዎች ባሕር ዳር ድረስ ሄደው ጮኹ፤ የጠየቁት ግን ኩንታሉን እንጂ ሒሳቡን አልነበረም። በኔ ግምት የግልጽነቱ ነገር የተገላቢጦሽ ነው፦ የድሃው ጥቂት ብር በስም ተለጥፏል፣ የቢሊዮኑ ድጎማ ግን ለተራው ገበሬ አይታይም።

ሕጉ በር ከፍቷል፤ አዋጅ ቁጥር 590/2000 ማንም ሰው ከመንግሥት አካላት መረጃ እንዲጠይቅ ይፈቅዳል። ከ2015 ዓ.ም. ማብቂያ ወዲህ በክልሉ በቀጠለው የትጥቅ ግጭት ግን የቀበሌ ስብሰባ መጥራት እንኳ ቀላል አይደለም። ጸጥታው ሲመለስ መጀመር የሚቻለው ከመሠረታዊ ኅብረት ሥራ ማኅበሩ መጋዘን በር ነው፦ ስንት ኩንታል ገባ፣ ለማን ወጣ፣ ከዋጋው መንግሥት የሸፈነው ስንት ነው።