ተጠቅልሎ የሚሄድ ሥዕል

ደባርቅ ያደገ ወጣት ስለ ሥዕል፣ ስለ ዜማ፣ ስለ ጥበብ ብትጠይቁት መልሱ አንድ ነው፦ «ጎንደር ግቡ።» ጎንደር ገብታችሁ ብትጠይቁ ደግሞ ወደ አዲስ አበባ ይልኳችኋል። እኛ ጋ ያለው ተራራ ነው ይባላል፤ ጭላዳና ዋልያ፣ ገብስና ብርድ። ጥበብ የትልቅ ከተማ ነገር ነው፤ ደባርቅና ዳባት የመንገድ ላይ ከተሞች ናቸው፣ አውቶቡስ ቆሞ ሻይ የሚጠጣባቸው።

እኔ «የመንገድ ላይ ከተማ» መባሉን እንደ ስድብ አላየውም። የጎንደርን የጥበብ ታሪክ ባነበብኩ ቁጥር ዓይኔ የሚያርፈው መንገዱ ላይ ነው። ከጎንደር ተነስቶ በወገራ ደጋ ዳባትን አልፎ፣ ደባርቅ ደርሶ፣ ሊማሊሞን ወርዶ፣ ተከዜን ተሻግሮ፣ በአድዋ በኩል ምጽዋ የሚገባው የድሮ የነጋዴ መንገድ ማለቴ ነው። ያቺ ከተማ የሳለችው ሥዕል በአብዛኛው ከቦታ ቦታ መሄድ የሚችል ሥዕል ነበር። እንዴት ብትሉ፣ በጨርቅ ነዋ።

ብዙ ሰው የድሮ ቤተ ክርስቲያን ሲገባ ሠዓሊው ቀጥታ ግድግዳው ላይ የሳለ ይመስለዋል። በጎንደር ዘመን የተለመደው ግን ሌላ ነው። ሠዓሊው የሚስለው ሸማ ላይ ነው፤ ሸማው በማጣበቂያ ግድግዳው ላይ ይለጠፋል። የጭቃውም ሆነ የድንጋዩ ግድግዳ ይሰነጠቃል፣ ያብጣል፣ ሸማው ግን ይይዛል። ዘዴው ሌላም ነገር ይዞ መጣ። ሸማ ይጠቀለላል፤ የተጠቀለለ ነገር በበቅሎ ይጫናል። አንድ ሥዕል አንድ ቦታ ተስሎ ሌላ ቦታ ሊለጠፍ ይችላል። ተልጦም ሊወሰድ ይችላል። ይቺን ነገር ያዟት፣ ኋላ እንመጣባታለን።

ጎንደር ስትባል ሁሉም የሚያስበው ግንቡን ነው። አፄ ፋሲል ከተማዋን የቆረቆሯት በ1628 ዓ.ም. ነው፤ የሠርግ ፎቶውም፣ የቲክቶኩም ቪዲዮ የሚቀረጸው እዚያ ነው። ይሁን። ግን የከተማዋ ሠዓሊዎች ከግንበኞቹ ያነሰ ሥራ አልሠሩም። አጥኚዎች የጎንደርን ሥዕል በሁለት ይከፍሉታል። የመጀመሪያው የ17ኛው ክፍለ ዘመን ነው፦ ደማቅ ቀለም፣ ጎላ ያለ መስመር፣ ባዶ ጀርባ። ሁለተኛው በእቴጌ ምንትዋብና በልጃቸው በዳግማዊ ኢያሱ ጊዜ፣ በ18ኛው ክፍለ ዘመን የመጣው ነው። እዚህ ጋ ጀርባው ከቢጫ ወደ ቀይ ወይም ወደ አረንጓዴ እየደበዘዘ ይሄዳል፣ ፊት ላይ ጥላ ይወርዳል፣ የማርያም ልብስ አበባ ያለበት ውድ ጨርቅ ይሆናል። ሥዕሉን ያሠራው ጌታም ከታች ጥግ ላይ ተደፍቶ ይሳላል። ምንትዋብ ራሳቸው ጣና ላይ ናርጋ ሥላሴ ውስጥ ከማርያም እግር ሥር ተደፍተው ይታያሉ። እቴጌይቱ የጊዜያቸው ትልቋ የጥበብ ደጋፊ ነበሩ ብል ማጋነን አይሆንም፤ የቁስቋም ፍርስራሽ ዛሬም ይመሰክራል።

ታዲያ ይህ ጥበብ ከከተማዋ አፈር ብቻ የበቀለ አይደለም። ሮም ላይ በ16ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ የታተመ ባለ ሥዕል የዐረብኛ ወንጌል ነበር፤ ኢየሱሳውያን ያሳተሙት፣ ናዳል የተባለ ሰው ያዘጋጀው ሌላ የወንጌል ሥዕል መጽሐፍም አለ። ሁለቱም እዚህ ደረሱ። የጎንደር ሠዓሊዎች አዩዋቸው፣ የሚፈልጉትን ወሰዱ፣ ቀሪውን ተዉት። የፈረንጁ ወታደር የሐበሻ ጎራዴ ታጠቀ። ክፉው ሰው በጎን ተስሎ አንድ ዓይን ብቻ ቀረለት፤ ይሄ የእኛ የቆየ ሕግ ነው፣ የሮም ማተሚያ ቤት አይሽረውም። ዛሬ «ሪሚክስ» የምንለው ነገር በዚያን ጊዜ በወንጌል ላይ ይሠራ ነበር።

በሊማሊሞ በኩል ወደ ላይ ከወጡት ሰዎች መካከል አንዱን ሁላችሁም ታውቁታላችሁ፤ ስኮትላንዳዊው ጄምስ ብሩስ ነው። በየካቲት 1762 ዓ.ም. ሊማሊሞን ወጥቶ፣ በደባርቅ አድርጎ ጎንደር ገባ። ሁለተኛውን ግን የሚያውቀው ጥቂት ሰው ነው። ስሙ ሉዊጂ ባሉጋኒ ይባላል፤ የቦሎኛ ሰው፣ ሠዓሊ፣ የብሩስ ቅጥረኛ። ያንን ገደል አብሮ የወጣው እሱ ነው። ዕፅዋቱን የሳለው እሱ ነው፤ ከሣላቸው ውስጥ አንዱ ኮሶ ነው። ኮሶን እኛ ደጋ ላይ ያደግን ሰዎች በመራራነቱ እንጂ በሥዕል አናስበውም። የባሉጋኒ እጅ ግን ቅጠሉን ከነጥርሱ፣ አበባውን ከነዘለላው አስቀምጦታል።

ባሉጋኒ በ1763 ዓ.ም. እዚያው ጎንደር ሞተ። ብሩስ አገሩ ገብቶ፣ በእነሱ አቆጣጠር በ1790 ትልቁን የጉዞ መጽሐፉን ሲያሳትም ሥዕሎቹን የራሱ አድርጎ አቀረበ። ይባስ ብሎ የዓባይን ምንጭ ሲያይ ባሉጋኒ ቀድሞ እንደሞተ አድርጎ ጻፈ፤ ምንጩ ላይ ብቻውን የቆመ አውሮፓዊ ለመሆን። የባሉጋኒ የራሱ ማስታወሻ ግን አብሮት እንደነበረ ያሳያል። ሥዕሎቹ ዛሬ አሜሪካ፣ ዬል ዩኒቨርሲቲ ባለው የብሪታንያ ጥበብ ማዕከል ይገኛሉ። አንድ ሰው ጎንደር ተቀበረ፣ ሥራው ተጠቅልሎ ሄደ፣ ስሙም ሊጠፋ ምንም አልቀረውም ነበር።

ከዚያ ዘመነ መሳፍንት ነው። ጎንደር ንጉሥ አላት፣ ንጉሡ ግን ሥልጣን የለውም። ገንዘቡና ጦሩ ያለው በየአገሩ ባሉት መሳፍንት እጅ ነው፤ ጥበብ ደግሞ ገንዘብ ያለበት ትሄዳለች፣ ይሄን ለማወቅ ታሪክ መማር አያስፈልግም። በሰሜን በኩል ገንዘቡ የነበረው ደጃዝማች ውቤ ኃይለማርያም ጋ ነው። ሰሜንንና ትግራይን ይዘው የተቀመጡ ትልቅ ሰው ናቸው። እሳቸው ዘውድ አሰቡ። ለዘውዱም ቤተ ክርስቲያን አሠሩ፤ ጎንደር ላይ ሳይሆን ተራራው ውስጥ፣ ዛሬ ጃናሞራ በምንለው አገር፣ ደረስጌ ማርያምን። ሥራውን ያገዛቸው ጀርመናዊው የዕፅዋት ሊቅ ሺምፐር ነው፤ ዛንደር የሚባል ሌላ ጀርመናዊ ሠዓሊም በቤታቸው ነበር። መቅደሱ በሥዕል የተሸፈነ ነው። በጎንደር ወግ የተሣለ ሥዕል፣ ከጎንደር በጣም ርቆ፣ ብርዱ አጥንት በሚገባበት ቦታ።

የሆነውን ታውቃላችሁ። በየካቲት 1847 ዓ.ም. ደጃዝማች ካሣ ውቤን እዚያው ደረስጌ ላይ ገጠሟቸው፣ አሸነፏቸው፣ ማረኳቸው። ከጥቂት ቀን በኋላም ውቤ ለራሳቸው ባሠሩት ቤተ ክርስቲያን ካሣ አፄ ቴዎድሮስ ተብለው ተቀቡ። ቀቢው አቡነ ሰላማ ናቸው፤ ጳጳሱን ከግብፅ ለማስመጣት የደከሙትም ውቤ ነበሩ። ቤተ ክርስቲያን፣ ጳጳስ፣ ሥዕል፣ ሁሉም ተሰናድቶ ሙሽራው የተለወጠበት ሠርግ ማለት ነው። የዘመናዊት ኢትዮጵያ ታሪክ ብዙ ጊዜ የሚጀመረው ከዚህ ቀን ነው። ቀኑ የዋለው ጎንደር አይደለም፣ አንኮበርም አይደለም፤ ሰሜን ተራራ ውስጥ ነው። ትምህርት ቤት ስማር ይህ ቦታ ከኛ በስተምሥራቅ፣ ከተራራው ማዶ እንዳለ የነገረኝ መምህር አልነበረም።

ቴዎድሮስ ለጎንደር ጥሩ አልሆኑላትም። በ1859 ዓ.ም. ከተማዋን አቃጠሉ፤ የአብያተ ክርስቲያናቱን መጽሐፍትና ንዋየ ቅድሳት ወደ መቅደላ አጋዙ። በሚያዝያ 1860 ዓ.ም. ደግሞ እንግሊዞች መቅደላን ሲይዙ ያ ሁሉ አንድ ቦታ ተሰብስቦ ጠበቃቸው። ከተወሰደው ሁሉ እኔን የሚከነክነኝ «ኩርዓተ ርእሱ» ነው። የእሾህ አክሊል የደፋ ክርስቶስ፣ አመጣጡ ከአውሮፓ፣ በጎንደር ነገሥታት ዘንድ ግን ጦር ሜዳ ይዘውት የሚዘምቱት ሥዕል። በዳግማዊ ኢያሱ ጊዜ ስናር ላይ ተማርኮ በገንዘብ ተመልሷል። ከመቅደላ ሲወሰድ ግን የመለሰው የለም። የወሰደው ሪቻርድ ሆምስ የብሪትሽ ሙዚየም ወኪል ሆኖ ነበር የመጣው፤ ሥዕሉን ግን ለሙዚየሙ አላስገባም፣ ለራሱ አስቀረው። በኋላ ለንደን ላይ ተሸጠ፣ ከዚያም ፖርቱጋል ገባ፤ የግለሰብ ንብረት ሆኖ። የውቤ ልጅ የጥሩወርቅና የቴዎድሮስ ልጅ ዓለማየሁም በዚያው ጉዞ ሄዶ በ18 ዓመቱ እንግሊዝ አገር ሞተ። ከደረስጌ የተጀመረው መንገድ እዚያ ድረስ ይደርሳል።

በጥር 1880 ዓ.ም. ደርቡሽ መጥቶ የቀረውን አቃጠለ። ደብረ ብርሃን ሥላሴ ተረፈች፤ ንብ ነው ያዳናት ይላሉ። ጣራዋ ላይ ያሉት መላእክት ዛሬም ወደ ታች ያዩናል።

አሁን ወደ ሸማው እንመለስ። በክረምት 1924 ዓ.ም. ማርሴል ግሪዮል የሚመራው የፈረንሳይ የጥናት ቡድን ጎንደር ገባ፤ ከዳካር እስከ ጅቡቲ አፍሪካን የሚያቋርጥ ጉዞ ላይ ነበሩ። ወራት ተቀመጡ። ከከተማዋ አብያተ ክርስቲያናት አንዱ አባ እንጦንስ ነው፤ የ17ኛው ክፍለ ዘመን ሥዕል ያለበት። ሰዎቹ ከካህናቱ ጋር ተነጋገሩ፣ ሥዕሉን ከነሸማው ከግድግዳው ላጡት፣ ጠቀለሉት፣ ወሰዱት። በምትኩ ጋስቶን ሉዊ ሩ የተባለው የቡድኑ ሠዓሊ አስመስሎ የሣለው አዲስ ሥዕል ተለጠፈ። ሁሉንም የቡድኑ ጸሐፊ ሚሼል ሌሪስ በማስታወሻው ላይ ጽፎታል፤ ማስታወሻውም በእነሱ አቆጣጠር በ1934 ታትሟል። ዋናው ሥዕል ዛሬ ፓሪስ፣ ኬ ብራንሊ ሙዚየም ነው።

አንዳንድ ሰው «እንኳን ወሰዱት፣ እዚህ ቢቀር ይበሰብስ ነበር» ይላል። ይሄን ክርክር አልወደውም። ደረስጌ አልበሰበሰም። ደብረ ብርሃን ሥላሴ አልበሰበሰችም። ደግሞስ ምትክ ብለው ሥዕል የለጠፉ ሰዎች ግድግዳው ሥዕል መያዝ እንደሚችል ያውቁ ነበር ማለት አይደል?

የሚሄደው ሥዕል ብቻ አይደለም። አዝማሪም ማሲንቆውን አንግቶ ሄዷል፤ አዝማሪ ቤት ገብታችሁ አገሩን ብትጠይቁት ጎንደር የሚላችሁ አይጠፋም። ከጎንደር ወደ ደባርቅ ስትወጡ ከተማው እንዳለቀ የምታገኙት ወለቃም እንዲሁ ነው፦ ሸክላውንና ብረቱን የሚሠሩት ቤተ እስራኤላውያን በ1977 እና በ1983 ዓ.ም. ዘመቻዎችና በመካከላቸው ባለው ጊዜ አብዛኞቹ ወደ እስራኤል ሄደዋል፤ ሸክላው መንገድ ዳር ይሸጣል፣ ሸካዮቹ የሉም። አቋቋም ግን አቅጣጫውን ይገለብጠዋል። የአቋቋም ምስክር ጎንደር በአታ ነው፤ ተማሪው አኩፋዳውን ይዞ ከየአገሩ ይገባል፣ ተመርቆ ሲወጣ ደግሞ ዜማውን ይዞ ወደ ወገራም ወደ ሰሜንም ወደ ሌላም ይበተናል። ይሄ እቃ አይላጥም። ጉምሩክም አያገኘው።

ደባርቅ ዛሬ የፓርኩ በር ናት። እንግዳው በጠዋት ፈቃዱን ይይዛል፣ አስጎብኚውንና ስካውቱን ይይዛል፣ ጭላዳውን ፎቶ ያነሳል፣ ይመለሳል። ስለ ደረስጌ የሚነግረው ሰው ብዙ አያገኝም። ሆኖም ከደባርቅ ወደ ጃናሞራ መካነ ብርሃን የሚሄደው መኪና ፓርኩን አቋርጦ፣ ከ4,000 ሜትር በላይ ቧሂት ላይ ወጥቶ ነው የሚወርደው። ደረስጌ በዚያ ማዶ ነው። ጋቢ ያዙ፤ ማለዳ ተነሱ፤ ቤተ ክርስቲያኑ ስትደርሱ ዙሩና ግድግዳውን ከቅርብ እዩት፣ የሸማውን ጠርዝ ታገኙት ይሆናል።