መካኒክ ፍለጋ፦ ከምኒልክ እስከ ወንጪ

ቤድ ቤንትሌይ የተባለው እንግሊዛዊ በ1900 ዓ.ም. ለአጼ ምኒልክ ከጅቡቲ መኪና ሲያመጣ መካኒክም አብሮ ይዞ ነው የመጣው። ብልህ ሰው!

ከዚያ ጣልያን መጣ። በ1933 ሲሸነፍ ከቀሩት ጣልያኖች አንዳንዶቹ ጋራዥ ከፈቱ፤ ልጆቻችንም ሥራውን ከነቋንቋው ወረሱ። ካምቢዮ፣ ፍሪሲዮን፣ ካንዴላ፣ ኩሽኔታ፣ ማርሚታ... የአምቦ ረዳት ሮም የት እንዳለች ባያውቅም ቃላቱን ይጠራቸዋል። ሙያው ከጌታ እጅ ወደ ረዳት እጅ የተላለፈ ነው፤ መተማመኑም በዚያው ልክ፣ በዲግሪ ሳይሆን በሰው።

ፈተናው ፈጣን መኪና ሲመጣ ነው። ከአምቦ ወደ ሐሮ ወንጪ ሲወጣ ከፍታው 3000 ሜትር ያልፋል፣ አየሩ ይሳሳል። እዚያ ላይ ቱርቦ የሌለው ሞተር በባሕር ጠለል ከሚኖረው ጉልበት ሲሶ ያህሉን ያጣል። በሽታ አይደለም፣ ተራራው ነው! ግን «ጉልበት አነሰው» ስትሉት ካንዴላ፣ ፖምፓ፣ በመጨረሻም «ሞተር ይውረድ» የሚል አይጠፋም።

እኔ የምፈልገው መጀመሪያ «የት ቦታ ላይ ደከመ? አምቦ ስትመለስስ?» ብሎ የሚጠይቀኝን ነው። የኮምፒውተሩን ነገር «አላውቀውም፣ አዲስ አበባ ውሰደው» ካለኝ ደግሞ፣ ፍሬኑን እንዲሠራልኝ ቁልፉን ያለ ሥጋት እሰጠዋለሁ።