የባቄላ በሽታ ስም ሲያገኝ

እኛ እዚህ ፔታህ ቲክቫ ያደግን ልጆች ባቄላን የምናውቀው በ«ፉል» ነው። ለአያቶቻችን ግን ፍሬው የሰው፣ ገለባው የከብት ምግብ ነበር። ባቄላው ቢጫ ሆኖ ሲቀጭጭ ጉዳቱ ለሁለቱም ነው።

ከእንዲህ ዓይነቶቹ በሽታዎች አንዱ በ2009 ስም ወጣለት። ተመራማሪዎች በኢትዮጵያ ባቄላ ላይ ከተገኘው ቫይረስ ከ208 በላይ የዲኤንኤ ቅጂዎች አነበቡ። ጂኖሙ 8 ትንንሽ ክብ ዲኤንኤዎች ሆኖ ተገኘ፤ እያንዳንዱ 1,000 ፊደል ገደማ። ማንበብ ብቻ ግን አይበቃም። 8ቱን ባቄላ ውስጥ ሲያስገቧቸው ተክሉ ያንኑ በሽታ ታመመ፤ ክሽክሽ የሚባለው ተባይም ወደ ሌላ ተክል አዛመተው። 8ቱ ቁራጮች በሽታውን ለማምጣት እንደሚበቁ የታወቀው እንዲህ ነው።

በ2019 ደግሞ የሞንፔሊዬ፣ ፈረንሳይ ተመራማሪዎች ቁራጮቹ አንድ ሴል ውስጥ ሳይሰበሰቡ፣ በተለያዩ ሴሎች ሆነው አብረው እንደሚሠሩ አሳዩ።

እኔን እንደ ታሪክ ተማሪ የሚያሳስበኝ ሌላ ነው። ጂኖሙ ተጽፎ ተቀምጧል። ገበሬው በሽታውን ምን ብሎ ይጠራው እንደነበር፣ የታመመውን ነቅሎ ለከብት ይሰጥ እንደሆነ ግን ጂኖም አይነግረንም። እሱን የሚያውቁት አያቶቻችን ናቸው። እባካችሁ፣ ዛሬውኑ ጠይቋቸው፤ የነገሯችሁንም በራሳቸው ቃል ጻፉት።