ከበቅሎ ጀርባ እስከ ፒክአፕ ባሌስትራ

ወለጋን ከሌላው የአገራችን ክፍል ጋር በንግድ ያስተሳሰረችው በቅሎ ናት። በደጃዝማች ኩምሳ ሞረዳ ዘመን የነቀምቴ ወርቅና ዝባድ ገበያ የደረሰው በእንስሳት ጀርባ ነበር። በቅሎ ረግረጉን ሸሽታ ታልፋለች፤ ጭነቱ ሲከብዳትም ትቆማለች። መኪና ግን አይናገርም፤ ሥራው ሁሉ የሚወድቀው በባለቤቱ ምርጫ ላይ ነው።

እንደሚታወቀው የመጀመሪያው አውቶሞቢል ለዳግማዊ አፄ ምኒልክ አዲስ አበባ የደረሰው በ1900 ዓ.ም. ነው። ጋራዦቻችን ዛሬም የሚጠቀሙባቸው እንደ ባሌስትራ፣ ካምቢዮና ጎማ ያሉት ቃላት ከጣሊያንኛ የመጡ ናቸው። በ1943 ዓ.ም. የአውራ ጎዳና ባለሥልጣን ተቋቋመ፤ መኪናም ቀስ በቀስ ወደ ገጠሩ ዘለቀ።

ከነቀምቴ ወደ ቡሬ የሚወስደው መንገድ ከ2,000 ሜትር በላይ ከሆነው ደጋ ተነሥቶ በኡኬ በኩል ወደ አንገር ሸለቆ ቆላ ይወርዳል። ሸለቆው የበቆሎና የሰሊጥ አገር ነው። በአዋጅ ቁጥር 147/1991 መሠረት የተደራጁ ማኅበራት በዩኒየን ሲተባበሩ ዘርና መለዋወጫ ማድረስ፣ ባለሙያ ማመላለስ የዕለት ሥራ ሆነ። ለዚህም ፒክአፕ ተመረጠ። በክረምት ጭቃው ሆዷን ሲይዛት “ከፍ እናድርጋት” የሚለው ጥያቄ ተነሣ።

ጥያቄው ተገቢ ነው፤ መልሱ ግን ብዙ ጊዜ ይሳሳታል። በባሌስትራ የምትሄድ መኪናን ከፍ የሚያደርጋት ባሌስትራው እንጂ አሞርቲዛተሩ አይደለም። የአሞርቲዛተር ሥራ የባሌስትራውን መንጠር ማርገብ ነው። በሃያኛው ክፍለ ዘመን መባቻ የፈረንሳዩ ትሩፎና የአሜሪካው ሃርትፎርድ የሠሩት በሰበቃ የሚይዝ ነበር፤ ኋላ ዘይት በጠባብ ቀዳዳ የሚገፋው ፒስተን ተተካ። ንዝረቱ ወደ ሙቀት ይለወጣል። በረጅም ኮረኮንች ላይ ዘይቱ አረፋ ሲያወጣ ጉልበቱ ይከዳል። በ1950ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ፈረንሳዊው ደ ካርቦን ጋዙን ከዘይቱ በተንሸራታች ፒስተን የለየ ባለ አንድ ቱቦ ሠራ። ቶሎ ይቀዘቅዛል፤ ነገር ግን ድንጋይ ቱቦውን ከጎደጎደው ፒስተኑ ይነክሳል።

ቶዮታ ሃይሉክስ በ1968 (እ.ኤ.አ.) ሲወጣ የኋላው በባሌስትራ ላይ ነበር፤ ይህ አሠራር በጭነት ሞዴሎቹ ቀጥሏል። ከ2004 (እ.ኤ.አ.) በመጣው ትውልድ የፊቱ ጥምዝምዝ ስፕሪንግ አሞርቲዛተሩን ከብቦ ይቀመጣል። በዚህኛው የስፕሪንጉ መቀመጫ ከፍ ሲል መኪናዋም ከፍ ትላለች። ስለዚህ ከግዥ በፊት ሞዴሉን መለየት ያስፈልጋል።

ሌላም መታወቅ ያለበት አለ። የኋላው ዲፈረንሻል ከአክሱሉ ጋር ስለሚሄድ ባሌስትራ ቢጨመርም ከጭቃው አይርቅም፤ የሚያርቀው ትልቅ ጎማ ብቻ ነው። ባሌስትራ ሲጨመር ባዶዋ መኪና ትደነድናለች፤ በኮረኮንች ላይ ትዘላለች። አጭሩ አሞርቲዛተር ሳይለወጥ ከቀረ እስከ ጫፉ ተስቦ ይቀደዳል፤ የፍሬን ቱቦውም ይወጠራል። ከሁሉ በላይ ክብደቷ ወደ ላይ ሲወጣ በጠመዝማዛ ቁልቁለት የመገልበጥ አደጋዋ ይጨምራል። ከኋላ ሰው ከተጫነ ደግሞ ጉዳቱ የሰው ሕይወት ነው።

በመሆኑም ከ4 እስከ 5 ሴንቲሜትር ገደማ ባለ ከፍታ መወሰን፣ ባሌስትራውን በዘወትር ጭነት ልክ መምረጥ፣ አሞርቲዛተሩንም በርዝመትና በጉልበት ከእርሱ ጋር ማጣጣም ይበጃል። በቅሎ ጫኝ አባቶቻችን ኮርቻውን በበቅሎዋ ልክ ያበጁ ነበር። ዩኒየኖቻችንም የአባላትን ገንዘብ ሲያወጡ መንገዱንና ጭነቱን አስቀድመው ቢመዝኑ፣ ዘሩም ሾፌሩም በሰላም ይደርሳሉ።