የቱና ጣሳና የሜርኩሪ ጣሪያ፦ የሕግ ልክና የበላተኛው ልክ

እ.ኤ.አ. በ1970 መጨረሻ፣ በኒውዮርክ ግዛት ቢንግሃምተን ያስተምሩ የነበሩት ኬሚስት ብሩስ ማክዳፊ የታሸገ ቱና መርምረው ከተፈቀደው በላይ ሜርኩሪ አገኙበት። የአሜሪካ የምግብና መድኃኒት አስተዳደር በወቅቱ የሚሠራበት ጣሪያ በኪሎ 0.5 ሚሊግራም ነበር፤ አንድ ሚሊዮን ገደማ ጣሳ ከገበያ ተሰበሰበ። በ1979 ግን ጣሪያው ወደ 1 ሚሊግራም ከፍ አለ። ለዚህ ያበቃው የሰይፍ ዓሣ ነጋዴዎች በፍርድ ቤት ያካሄዱት ሙግትና ሕዝቡ ምን ያህል ዓሣ እንደሚበላ የተሠራ አዲስ ስሌት ነው። ባሕሩም ዓሣውም እንደነበሩ ናቸው፤ ትናንት የሚወረስ የነበረው ጣሳ ግን ለሽያጭ በቃ።

እንግዲህ ጣሪያው ያረፈው “ሰው ይህን ያህል ይበላል” በሚል ግምት ላይ ነው። ከግምቱ ውጪ የሚበላ ሰው የራሱን ሒሳብ መሥራት አለበት። የዓለም የምግብና እርሻ ድርጅትና የዓለም ጤና ድርጅት የጋራ የባለሙያዎች ኮሚቴ በ2003 ያስቀመጠው ሳምንታዊ ገደብ ለአንድ ኪሎ የሰውነት ክብደት 1.6 ማይክሮግራም ሜቲልሜርኩሪ (በዓሣ ውስጥ የሚጠራቀመው የሜርኩሪ ዓይነት) ነው። 60 ኪሎ ለምትመዝን ሴት 96 ማይክሮግራም ይመጣል። ፈሳሹ ተንጠፍጥፎ 112 ግራም ዓሣ የሚወጣው ጣሳ ልክ የአሜሪካው ጣሪያ ላይ ቢሆን 112 ማይክሮግራም ይይዛል፤ ሕግ ሳይጣስ የሳምንቱ ድርሻ በአንድ ምሳ አለቀ ማለት ነው።

እርግጥ አብዛኛው ጣሳ ወደዚያ አይጠጋም። በአሜሪካው የምግብና መድኃኒት አስተዳደር መረጃ “ላይት” የሚባለው ቱና በአማካይ 0.126፣ አልባኮር ደግሞ 0.350 ሚሊግራም በኪሎ አለው። ስለዚህ ከላይት ጣሳ 14፣ ከአልባኮር 39 ማይክሮግራም ይገኛል። የ15 ኪሎ ሕፃን ሳምንታዊ ገደብ 24 ነው፤ አንድ የአልባኮር ጣሳ ያልፈዋል።

ልዩነቱ የመጣው ከዓሣው ዕድሜና መጠን ነው። ላይት በአብዛኛው ስኪፕጃክ የተባለው ትንሽና ዕድሜው አጭር ቱና ሲሆን፣ አልባኮር ትልቅና ረጅም ዕድሜ የሚኖር ነው። በውኃ ውስጥ ያሉ ባክቴሪያዎች ወደ ሜቲልሜርኩሪ የለወጡት ሜርኩሪ ከትንሹ ወደ ትልቁ ዓሣ እየተላለፈ ይጠራቀማል። በጡንቻው ፕሮቲን ውስጥ ካለው ድኝ ጋር ስለሚጣበቅ ዘይቱን መድፋትም ሆነ ሎሚ መጭመቅ አያስለቅቀውም። የፋብሪካው የማምከኛ ሙቀት እንኳ አይነካውም።

በታሸገ ቱና ውስጥ የተገኘው ሌላው ብረት፣ የእርሳስ ታሪክ ግን የተለየ ነው፤ እርሳስ ባመዛኙ የገባው ከጣሳው ነው። የምድርን ዕድሜ ያሰላው ክሌር ፓተርሰን ከዶሮቲ ሴትል ጋር በ1980 ባሳተሙት ጥናት፣ በታሸገ ቱና ውስጥ ያለው እርሳስ ከተፈጥሯዊው መጠን 10,000 እጥፍ እንደሚደርስና ይህም ሳይታወቅ የቆየው በቤተ ሙከራ ልኬት ስሕተት እንደሆነ አሳይተዋል። ምንጩ በተለይ የጣሳው የእርሳስ ብየዳ ነበር። አሜሪካ ብየዳውን በ1995 ከለከለች፤ ጣሳው ተቀየረ፣ ችግሩም በእጅጉ ቀለለ። ለሜርኩሪ እንዲህ ያለ መፍትሔ የለም።

በእኛ ዘንድ ጉዳዩ የሚከብደው በጾም ነው። ዓሣ ይበላል አይበላም የሚለውን ክርክር ለሊቃውንቱ ልተወውና፣ ብዙ ሰው ሁዳዴን በቱና ሳንድዊችና በቱና ፒዛ እንደሚገፋ የአዲስ አበባን ካፌ ያየ ያውቃል። በሳምንት አራት ጣሳ ብንል፣ ላይት ከሆነ 56፣ አልባኮር ከሆነ 157 ማይክሮግራም ነው። ሰውነት የበላውን ሜቲልሜርኩሪ ግማሹን ለማስወገድ 50 ቀን ገደማ ይፈጅበታል። ጾሙ 55 ቀን ነው፤ ስለዚህ በመጀመሪያው ሳምንት ከተበላው ግማሽ ያህሉ እስከ ፋሲካ ይቆያል። ጉዳቱ የሚብሰው በማደግ ላይ ባለ የፅንስ አእምሮ በመሆኑ፣ የአሜሪካ መሥሪያ ቤቶች ነፍሰ ጡሮች አልባኮርን በሳምንት ከአንድ ጊዜ በላይ እንዳይበሉ፣ ላይትን ግን ሁለት ሦስት ጊዜ ሊበሉ እንደሚችሉ ይመክራሉ። ዓሣን ጭራሽ ይተዉ አላሉም፤ ለፅንሱ አእምሮ የሚበጀው ኦሜጋ 3 ያለው እዚያው ጣሳ ውስጥ ነው። ምክሩን ለመከተል ግን ጣሳው የዓሣውን ዝርያ መናገር አለበት። ዝርያውን ሳይጠቅስ “ቱና” ብቻ የሚል መለያ ለገዢዋ 14 ይሁን 39 አይነግራትም፤ የአስመጪዎች ፈቃድ ሲሰጥ በመጀመሪያ ሊጠየቅ የሚገባውም ይኸው ይመስለኛል።